የወፍና የዱር አራዊት ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራውን እንዴት መረጠ?
ከ1892 እስከ 2023 የተደረገው ለውጥ አጭር ታሪክ

መግቢያ

ስለ አእዋፍና ስለ ዱር አራዊት ፎቶግራፍ የሚወያዩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ ይኸውም «የትኛው የካሜራ አካል ይሻላል?» የሚለው ነው። የካሜራ አካል ስንል ሌንሱ ሲነቀል የሚቀረውን፥ ማለት ሻተሩን፥ መመልከቻውንና ብርሃን የሚቀበለውን ክፍል የያዘውን ሣጥን ማለታችን ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ይበልጣል፥ ውዱም ከርካሹ ይሻላል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ጥያቄው ከ130 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ስለሆነ፥ መልሱን ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ ከታሪክ መፈለግ የሚጠቅም ይመስለኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ፎቶግራፍ አንሺዎች በልዩ ልዩ ዘመን ካሜራቸውን በምን ምክንያት እንደ መረጡ መመርመር ነው። ምርመራውን በሦስት መለኪያዎች እናካሂዳለን። አንደኛው ርቀት ነው፤ እንስሳው ሳይደነግጥ ምን ያህል መቅረብ ይቻላል? ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ ለቅጽበት ብቻ የሚታየውን ነገር መያዝ ይቻላልን? ሦስተኛው ብርሃን ነው፤ በጥላና በማታ ሥዕል ሊነሣ ይችላልን? ከዚህ በታች እንደሚታየው፥ አንድ ካሜራ በአንዱ መለኪያ ሲያተርፍ ብዙውን ጊዜ በሌላው ከስሯል። ካሜራው ያልከፈለውን ዕዳ ደግሞ ወይ ሰውዬው ከፍሏል፥ ወይ ወፏ ከፍላለች። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. የብርጭቆ ሰሌዳ ዘመን

በ1892 በሚያዝያ ወር በለንደን አቅራቢያ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች የአንዲት ዘማሪ ወፍ ጎጆ ከነዕንቍላሉ ፎቶግራፍ አነሡ። ሁለቱም የእንግሊዝ አገር ገጠር ተወላጆች፥ የበግ አርቢ ቤተ ሰብ ልጆች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1895፥ ስለ እንግሊዝ ወፎች ጎጆ የሚናገር፥ ሥዕሎቹ በሙሉ በመስክ ከተነሡ ፎቶግራፎች የተወሰዱ መጽሐፍ አሳተሙ።

የመጀመሪያው ሥዕል የወፍ ሳይሆን የጎጆ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በዚያን ጊዜ የነበረው ካሜራ ከእንጨት የተሠራ፥ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥና በብርጭቆ ሰሌዳ የሚሠራ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው በመጀመሪያ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ምስሉን በደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ያያል፤ ቀጥሎ ደብዛዛውን ብርጭቆ አውጥቶ ሰሌዳውን ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ሌንሱን ይከፍታል። ሰሌዳው ከገባ በኋላ ፊቱ ያለውን ነገር በሌንሱ በኩል ሊያይ አይችልም። ሁለተኛ ሥዕል ለማንሣት ደግሞ ሥራውን ሁሉ እንደ ገና ይጀምራል። እንዲህ ላለው መሣሪያ የሚመቸው የማይበር ነገር ነው፤ ዕንቍላል ደግሞ አይበርም።

እንግዲህ ካሜራው ርቀትንም ፍጥነትንም ካልሰጠ፥ ዕዳውን የከፈለው ሰውዬው ነበር። ኪርተኖች ወፎች ከማይፈሩት ነገር ውስጥ መደበቅን ዘዴ አደረጉ። በ1900 የበሬ ቆዳ በእንጨት አጥንት ላይ አልብሰው ባዶ በሬ ሠሩ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ከሆዱ ገብቶ በትንሽ ቀዳዳ በኩል ሥዕል ያነሣ ነበር። ይህ በሬ እግሮቹን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገልብጦ የሚታይበት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። ነገሩ ቢያስቅም ቁም ነገር አለበት፤ ሰዎቹ ዛሬ በሺህ ዶላር የሚገዛውን ቅርበት በወገብ ሕመምና በትዕግሥት ገዝተውታል።

2. ብልጭታው፥ መጽሔቱና ሕጉ

ሁለተኛው ችግር ብርሃን ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ 3ኛ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በሐይቅ ዳር የሌሊት አራዊትን ለማንሣት የኦጂብዌ ሕዝብ አዳኞችን ዘዴ ተዋሰ። አዳኞቹ በታንኳ አፍንጫ ላይ እሳት ለኩሰው በውሃ ዳር የቆመውን አጋዘን ዓይኑን በብርሃን ያፈዙት ነበር። ሺራስም በጠመንጃው ፈንታ ካሜራና የማግኒዝየም ዱቄት ብልጭታ ተጠቀመ። ከዚያም አልፎ እንስሳው ራሱ ገመድ ሲነካ ካሜራው የሚከፈትበትን ዘዴ ሠራ፤ ይህም ዛሬ ተመራማሪዎች በየጫካው የሚያጠምዱት ካሜራ አያት ሊባል ይችላል።

ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ1906 በሐምሌ ወር እትሙ የሺራስን 74 ፎቶግራፎች አወጣ። ከማኅበሩ የአስተዳደር ቦርድ አባሎች ሁለቱ፥ የምሁራን መጽሔት የሥዕል መጽሐፍ ሆነ ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ በምሥራቅ አፍሪካ፥ በዛሬይቱ ታንዛንያ ምድር፥ አንበሶችንና ሌሎች አራዊትን በሌሊት በብልጭታ አንሥቶ በ1905 መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ርእስ ብልጭታውንና ጠመንጃውን አንድ ላይ የሚጠራ መሆኑ ዘመኑን ያስረዳል፤ አዳኝና ፎቶግራፍ አንሺ ገና አልተለያዩም ነበር።

እዚህ ላይ ዕዳውን የከፈለው እንስሳው እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። የማግኒዝየሙ ዱቄት በድንገት ይነዳል፤ ጭሱና ድምፁም እንስሳውን በርግጎ እንዲሸሽ ያደርገዋል። ብርሃን ተገኘ፤ ሰላም ግን ጠፋ።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በአንድ በኩል ብቻ መዝጋት አይገባም። ሺራስ በአሜሪካ ምክር ቤት የሕዝብ እንደራሴ ሳለ በ1904 ተሰዳጅ ወፎችን በመንግሥት ጥበቃ ሥር የሚያደርግ የሕግ ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡም ከብዙ ክርክር በኋላ በ1913ና በ1918 በወጡት ሕጎች ተፈጸመ። እንዲሁም ዊሊያም ፊንሊና ኸርማን ቦልማን የተባሉ ሁለት ወዳጆች ከባድ የሰሌዳ ካሜራቸውን ተሸክመው በኦሪገን ባሕር ዳርና ረግረግ የሚኖሩትን ወፎች አነሡ። በዚያን ጊዜ የወፍ ላባ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ይፈለግ ስለ ነበር፥ ነጋዴዎች በመራቢያቸው ወራት ወፎችን ይፈጁ ነበር። ፕሬዚደንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የእነዚህን ሰዎች ሥዕል ካዩ በኋላ፥ ሥሪ አርች ሮክስ የተባሉትን ደሴቶች በ1907፥ የክላማትንና የማልሂርን ረግረጎች ደግሞ በ1908 የወፎች መጠበቂያ አደረጉ። ስለዚህ የካሜራ ምርጫ የመዝናኛ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ለመንግሥት የሚቀርብ ማስረጃን የሚወልድ ምርጫ ነበር።

3. መስተዋቱ ገባ

በ1898 በአሜሪካ ግራፍሌክስ የተባለው ካሜራ ተፈጠረ። በውስጡ ያዘነበለ መስተዋት ስለ ነበረው፥ ፎቶግራፍ አንሺው ሥዕሉን እስከሚያነሣበት ቅጽበት ድረስ በራሱ በሌንሱ በኩል ለማየት ቻለ። ፋብሪካው ከ1907 ጀምሮ ለተፈጥሮ ተመራማሪዎች ብሎ ረጅም ሌንስ የሚሸከም ልዩ ዓይነት ሠራ። ለዱር እንስሳ ፎቶግራፍ ተለይቶ የተሠራ የካሜራ አካል ከዚህ ይጀምራል ለማለት ይቻላል።

በ1925 የወጣችው ላይካ በትንሽነቷና በ35 ሚሊሜትር ፊልሟ ዓለምን አስደነቀች። ለወፍ ሥራ ግን ጉድለት ነበረባት፤ መመልከቻዋ ከሌንሱ የተለየ ስለ ነበረ ረጅም ሌንስ ሲገጠምላት ማነጣጠር አይቻልም። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ በ1935 ለ200 ሚሊሜትር ሌንስ የሚሆን የመስተዋት ሣጥን ተጨማሪ አድርጎ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1936፥ በድሬስደን ከተማ የተሠራው ኪኔ ኤግዛክታ መስተዋቱንና 35 ሚሊሜትር ፊልሙን በአንድ አካል አዋሐደ። ቀጥሎም በ1949 ኮንታክስ ኤስ ምስሉን ሳይገለብጥ የሚያሳየውን ፕሪዝም፥ በ1954 ደግሞ አሳሂፍሌክስ ከሥዕል በኋላ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለሰውን መስተዋት አመጡ። በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ በሰከንድ 3 ያህል ሥዕል የሚያነሣ ሞተር ጨመረባቸው።

አንድ ጥቅልል ፊልም 36 ሥዕል ይይዛል። በሰከንድ 3 ከተነሣ በ12 ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ፍጥነት ቢገኝም በቍጠባ የሚሠራበት ነበር። የቀለም ፊልምም ብርሃን ይጠይቅ ነበር፤ በ1936 ለ35 ሚሊሜትር ካሜራ የቀረበው ኮዳክሮም እስከ 1961 ድረስ የብርሃን ስሜቱ 10 ገደማ ነበር። ዛሬ ብዙ ካሜራዎች በ6400 ደኅና ሥዕል ያነሣሉ፤ ይህም 640 እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚህም በቀር መስተዋቱ ሲነሣና ሲወድቅ ድምፅ ያሰማል፤ በጎጆዋ ያለች ወፍ ደግሞ ይህን ድምፅ ትሰማለች።

4. አንድ ተቃውሞ፤ የኤሪክ ሆስኪንግ ምሳሌ

እስካሁን ከተባለው፥ ሰው ሁሉ አዲስ ካሜራ በወጣ ቍጥር አሮጌውን ጣለ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ከ1909 እስከ 1991 የኖረው እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆስኪንግ፥ ላይካም ኤግዛክታም በገበያ ላይ ሳሉ፥ ለብዙ ዓመታት ከእንጨት በተሠራ ሳንደርሰን በተባለ የሰሌዳ ካሜራ ይሠራ ነበር። ይህን ያደረገው ሥራው ያንን ስለሚፈልግ ነበር። እርሱ የሚሠራው በጎጆ አጠገብ ከተሠራ መደበቂያ ውስጥ ነው፤ ወፏ የምትቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ስለዚህ በካሜራ መከተል አያስፈልግም። ትልቁ ሰሌዳ ደግሞ ትንሹ ፊልም የማይሰጠውን የላባ ዝርዝር ይሰጠዋል። በ1948 ጉጉት ክንፏን ዘርግታ አደን በአፏ ይዛ ስትመለስ ያነሣው ሥዕል ከዘመኑ የታወቁ የወፍ ፎቶግራፎች አንዱ ነው።

ሆስኪንግ በ1937 በዌልስ አገር በጨለማ ወደ መደበቂያው ሲወጣ አንዲት ጉጉት መትታው ግራ ዓይኑን አጥቷል። ከሕክምና በኋላም ተመልሶ የወፍ ፎቶግራፍ ማንሣቱን ቀጠለ። ወፏ ጫጩቶቿን ትጠብቅ ነበር፤ ሰውዬውም ቅርበትን በሰውነቱ ከፈለ። ከዚህ የምንማረው፥ የካሜራ ምርጫ ከአሠራር ዘዴ ተለይቶ ሊታይ የማይገባ መሆኑን ነው። ከመደበቂያ የሚሠራና እየተራመደ የሚሠራ ሰው፥ ሁለቱም ወፍ ያንሡ እንጂ፥ አንድ ካሜራ አያስፈልጋቸውም።

5. አካሉ ወይስ ሌንሱ?

በ1985 ሚኖልታ 7000 ፎከሱን በራሱ የሚያስተካክል የተሟላ ካሜራ ሆኖ ወጣ። ሌሎቹ ፋብሪካዎች መከተል ግድ ሆነባቸው። በዚህን ጊዜ ሁለት ታላላቅ ፋብሪካዎች በተለያየ መንገድ ሄዱ። ካነን በ1987 ኢኦስ የተባለውን አዲስ ሥርዐት ሲጀምር የሌንስ መግጠሚያውን ጨርሶ ለወጠ፤ አሮጌ ሌንስ የነበራቸው ሰዎች በአዲሱ አካል ላይ እንደ ቀድሞው ሊጠቀሙባቸው አልቻሉም። ኒኮን ግን ከ1959 ጀምሮ የነበረውን መግጠሚያ ጠበቀ። የካነን መንገድ ለጊዜው አስቈጣ፤ ነገር ግን የፎከሱ ሞተር በሌንሱ ውስጥ እንዲሆን ስለ ፈቀደ ረጃጅሞቹ ሌንሶች ፈጣን ሆኑ፤ ብዙ የስፖርትና የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺዎችም ወደዚያ ዞሩ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ግልጥ ነው። አካል የሚመርጥ ሰው ሳያውቀው ሌንስን፥ ማለት የብዙ ዓመት ወጪን፥ ይመርጣል። አካሉ በጥቂት ዓመታት ያረጃል፤ ደኅና ሌንስ ግን ሁለትና ሦስት አካላትን ያሳልፋል።

6. ስለ ትንሹና ስለ ትልቁ ሴንሰር የሚደረገው ክርክር

ኒኮን ዲ1 በ1999 ሲወጣ 2.7 ሚሊዮን ፒክስል ነበረው፤ ሴንሰሩም ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ያነሰ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ትንሹ ሴንሰር ሌንስን ያስረዝማል» የሚል አባባል በወፍ ፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ተስፋፋ። አባባሉ እውነት መሆን አለመሆኑን በሒሳብ መመርመር ይቻላል።

20 ሴንቲሜትር የሆነች ወፍ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ቆማለች እንበል፤ ሌንሱም 500 ሚሊሜትር ይሁን። በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው የወፏ ምስል 5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ መጠን ሴንሰሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ አይለወጥም፤ ምስሉን የሚሠራው ሌንሱ ነውና። ጥያቄው በዚያ 5 ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ፒክስል አለ? የሚለው ነው። በ2016 በወጣው ትንሽ ሴንሰር ባለው ኒኮን ዲ500 ወደ 1190 ያህል ይሆናል። በ2017 በወጣው ትልቅ ሴንሰር ባለው ኒኮን ዲ850 ወደ 1150 ይሆናል። በዚያው ዓመት በወጣው፥ ሴንሰሩ ትልቅ ሆኖ 24 ሚሊዮን ፒክስል ብቻ በያዘው ሶኒ ኤ9 ግን 840 ገደማ ነው። በ2022 በወጣው ትንሽ ሴንሰር ባለው ካነን አር7 ደግሞ 1560 ያህል ይደርሳል።

እንግዲህ ሌንስን የሚያስረዝመው የፒክስሉ መቀራረብ ነው እንጂ የሴንሰሩ ማነስ አይደለም። ዲ850 ከዲ500 ጋራ እኩል ያህል ይደርሳል፤ በተጨማሪም በወፏ ዙሪያ ሰፊ ስፍራ ስለሚያሳይ የምትበር ወፍ ከመመልከቻው ቶሎ አትወጣም። ነገር ግን ዋጋው ይበልጣል፤ ፋይሉም ይከብዳል፤ ያለ ተጨማሪ ዕቃ በሰከንድ የሚያነሣው 7 ሲሆን ዲ500 10 ያነሣል። ትልቁ ሴንሰር በብርሃን በኩል ያለው ብልጫም የሚገኘው፥ ወፏ ቀርባ ወይም ሌንሱ ረዝሞ ሴንሰሩ በሞላ ጊዜ ነው። ሥዕሉ ተቈርጦ ወፏ ብቻ የምትቀር ከሆነ፥ ብልጫው አብሮ ተቈርጦ ይጣላል።

7. መስተዋቱ ወጣ

ኤ9 ከላይ በሒሳቡ ዝቅተኛ ሆኖ ቢገኝም፥ በታሪክ ግን ቦታው ከፍተኛ ነው። መስተዋት የለውም፤ ያለ ድምፅ በሰከንድ 20 ሥዕል ያነሣል፤ በሚያነሣበትም ጊዜ መመልከቻው አይጨልምም። ከሺራስ የብልጭታ ፍንዳታ ጀምሮ ወፏ ስትከፍለው የኖረችው የድምፅ ዕዳ በዚህ ተሰረዘ። በ2020 ካነን አር5 የወፍን ዓይን ፈልጎ የሚይዝ ፎከስ ይዞ ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ኒኮን ዜድ9 መካኒካዊ ሻተርን ጨርሶ አስወገደ።

ሆኖም ድምፅ አልባነት ለሁሉ እኩል አልደረሰም። ርካሽ በሆኑት አካላት ውስጥ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ቀስ ብሎ ያነብባል፤ በዚህ መካከል ክንፏን በፍጥነት የምታራግብ ወፍ ክንፏ ተጣሞ ይታያል። አር7ም ከዚህ ጕድለት ነጻ አይደለም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ወይ ድምፅ ያለውን መካኒካዊ ሻተር፥ ወይ የተጣመመ ክንፍን ይመርጣል። በ2023 በኅዳር ወር የተገለጠው ሶኒ ኤ9 3ኛ ሴንሰሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ በማንበብ ይህን ጉድለት አስወገደ፤ በሰከንድም እስከ 120 ሥዕል ያነሣል። ዋጋውም ሲወጣ ወደ 6000 ዶላር ነበር። ዝቅተኛው የብርሃን ስሜቱ ግን በሌሎች ካሜራዎች እንደ ተለመደው 100 መሆኑ ቀርቶ 250 ሆነ። በፍጥነት አተረፈ፥ በብርሃን ከሰረ፤ የጥንቱ ሕግ በአዲሱ ካሜራ ላይም ይሠራል።

ሌላም አዲስ ዕዳ መጥቷል። በሰከንድ 20 ሥዕል ለ10 ደቂቃ ያህል ያነሣ ሰው 12000 ሥዕል ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሆስኪንግ ከመደበቂያው ውስጥ ያጠፋውን ጊዜ የዛሬው ሰው በጠረጴዛው ላይ ያጠፋዋል። ልዩነቱ ሆስኪንግ በዚያ ሰዓት ወፏን ያይ ነበር፤ የዛሬው ሰው ግን ሥዕሎቿን ያያል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ሐሳብ፥ «የትኛው አካል ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሌሎች አሉ። ከመደበቂያ ነው ወይስ እየተራመድኩ የምሠራው? የትኛውን ሌንስ ለመግዛት እችላለሁ? እንስሳው ከእኔ ምን ያህል ይርቃል፥ ብርሃኑስ ምን ያህል ነው?

የአገራችን የባሌ ተራራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሳነቴ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን፥ በገላጣ ስፍራ ነው፤ በዚያ ችግሩ ርቀት እንጂ ብርሃን አይደለም፤ ስለዚህ ፒክስሉ የተቀራረበ ትንሽ ሴንሰር ያለው አካል በቂ ነው። ከሜዳው በስተ ደቡብ ወደ ሐረና ጫካ ሲወረድ ግን ዛፉ ፀሐይን ይከልላል፤ እንስሳውም ቅርብ ሆኖ በጥላ ውስጥ ይታያል፤ እዚያ ትልቁ ሴንሰር ይመረጣል። አንድ ተራራ ሁለት መልስ ይሰጣል። ገንዘቡ ያነሰው ተማሪ ደግሞ፥ በ2022 ምርቱ እንደ ተቋረጠው ዲ500 ያለ ያገለገለ አካል ገዝቶ፥ ቀሪውን ገንዘብ ለሌንስ፥ ትዕግሥቱን ለመደበቂያ ቢያውለው አይጸጸትም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1990 በነጭ ሣር ሜዳ የመጣ የጥናት ቡድን በመንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች አንዲት በሌሊት የምትበር ወፍ አንድ ክንፍ ወሰደ፤ ሊቃውንትም ክንፉን መርምረው በ1995 አዲስ ዝርያ መሆኗን ገለጡ፤ በላቲን ቋንቋ የተሰጣትም ስም «ክንፍ ብቻ» የሚል ትርጕም አለው። ይህችን ወፍ የሚፈልግ ሰው በሰከንድ 120 ሥዕል ከሚያነሣ አካል ይልቅ፥ በየትኛው ወር፥ በየትኛው ሣር ላይ፥ በስንት ሰዓት እንደምትቀመጥ ማወቅ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ኪርተኖች በባዶው በሬ ውስጥ ተቀምጠው ይማሩት የነበረው ይህንኑ ነው። እኛም የካሜራ ምርጫችንን ከዚህ ዕውቀት ብንጀምር፥ ዕዳውን በወፏ ላይ ከመጣል እንድናለን።